ለሰባት መምህራን የማይበቃ ቀርከሃ

ስብሰባው የተደረገው በእህቴ ክፍል ውስጥ ነበር። የተቀመጥኩት ለሰባተኛ ክፍል ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ስለሆነ ጉልበቶቼ ከጠረጴዛው ሥር ተቀርቅረዋል። ለመነሳት መጀመሪያ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ለዚያም አጠገቤ የተቀመጡትን ጎረቤታችንን ማስነሳት ነበረብኝ። ይህን ለቀልድ አይደለም የምጽፈው። ያን ቀን ተነስቼ ብናገር ኖሮ በኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ካልተነሳሁባቸው ምክንያቶች አንዱ በእውነት ዴስኩ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። እናታችን ቅዳሜ ከገበያ ስለማትቀር የወላጅ ስብሰባ የእኔ ድርሻ ነው። የዚያ ቀን አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፦ በሰኔ መጨረሻ በሚከበረው የወላጆች ቀን ለክፍሉ ሰባት መምህራን ምን ስጦታ እንስጥ? ማንም እንዳይሸማቀቅ ተብሎ እያንዳንዱ ወላጅ የቻለውን በፖስታ አሽጎ አምጥቷል፤ ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ግን አብዛኛው ሰው የቻለው ትንሽ እንደነበር ታወቀ።

«ፔርሙዝ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር» አለች ሰብሳቢዋ።

ሰብሳቢዋ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ እዚሁ አሶሳ ብትወለድም አነጋገሯ እንዳለ የወሎ ነው። የክፍሉን ወላጆች በሙሉ በልጆቻቸው ስም ታውቃለች፤ የተቸገረ ሲኖርም ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ይህንን መጀመሪያ መናገር ይገባኛል።

«የሒሳቡ መምህር ቤት ገብቼ ቆጥሬያለሁ፤ አራት ፔርሙዝ! ሰውየው ሻይ ቤት ይክፈት እንዴ?»

ሰው ሳቀ። አንድ አባት ከኋላ፣ «ክረምት እየገባ ነው፣ ጃንጥላ ቢሆንስ?» አሉ።

«በዚህ ገንዘብ? አንድ ጃንጥላ ገዝተን ሰባቱንም ሥሩ እንሰብስባቸዋ!»

እንደገና ተሳቀ። በዚህ መሀል ጎረቤታችን ክንዴን ይዘው ወደ ላይ አነሱት። «ይሄ ልጅ እኮ የቀርከሃ ሠሪ ነው» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሰብሳቢዋ፣ «አንተዬ! አፍ የለህም እንዴ? የመጽሐፍ መደርደሪያ ትሠራለህ?» አለችኝ።

«እሠራለሁ» አልኩ። የተጠየቅሁት መሥራት መቻሌን ነው፤ የመለስኩትም ይህንኑ ነው።

«አለቀ!» አለች። አጨበጨቡ። ባለሦስት እርከን፣ እስከዚህ ድረስ ብላ ወገቧን በእጇ አሳየች፤ ጸሐፊውም «ባለሦስት እርከን፣ እስከ ወገብ» ብሎ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

«ቀርከሃው ግን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አብሽር! የቀርከሃውን እኛ እንችላለን፣ የእጅህን ደግሞ እግዜር ይከፍልሃል» ስትል ሳቁ ድምፄን ዋጠው። እኔም ጉልበቶቼን ማላቀቅ ያዝኩ።

ልናገር የፈለግሁት ይህን ነበር። የእኛ ቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ብርቱ ነው፤ ብርቱ የሚሆነው ግን በበጋ ሲቆረጥ ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ልባሱ የረገፈ፣ በገጀራ ጀርባ ሲመታ ጠንከር ያለ ድምፅ የሚሰጥ ተመርጦ ይቆረጣል። ከዚያ ለሳምንታት ወራጅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቆይና ጥላ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። ዝናብ ከጀመረ በኋላ የተቆረጠ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል። ሲሠራ ያምራል፤ እንዲያውም ስለሚለሰልስ ለሠሪው ይመቻል። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ያወጣል፤ ከሥሩም ቢጫ ዱቄት ይረግፋል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወንበሮቼ ናቸው ያስተማሩኝ፤ የቀረውን ስልክ ላይ ከሌላ አገር ሰዎች ሥራ አይቼ፣ ቋንቋቸውን ሳልሰማ፣ እጃቸውን ብቻ እየተከተልኩ ያዝኩት።

በዚያ በጋ ወደ ጫካው መሄድ አስተማማኝ ስላልነበር የቆረጥኩት ጥቂት ነው። ቤት ጥግ ቆሞ የደረቀው በሰብሳቢዋ ልክ ቢሠራ ለአራት መደርደሪያ ይበቃል። መምህራኑ ሰባት ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለው መንገድ ዳር ቀርከሃ የሚሸጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ቀርከሃን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«አባ፣ ደረቅ አለ?»

«ደረቅ ኸላስ፣ አለቀች። ያለው ይሄ ነው፤ ትናንት ቆረጥነው።» በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ እርጥበቱ ወጣ። «ለምንድነው?»

«ለመጽሐፍ መደርደሪያ።»

«ለአጥር ውሰድ። ለዶሮ ቤት ውሰድ። ለመጽሐፍ ሐራም ነው፣ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ። በሰኔ ቀርከሃ ጣፋጭ ነች። አንተ አትበላውም፣ ነቀዝ ይበላዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?» ትኩር ብለው አዩኝ። «ለማን ነው?»

«ለአስተማሪዎች ስጦታ ነው።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አስተማሪ በጣም መትቶሃል?»

እሳቸው ዘንድ ከሌለ ሌላ ቦታ እንደማይኖር አውቅ ነበር። ከእርጥቡ የሦስት መደርደሪያ ያህል መርጬ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት በሱቁ በኩል አለፍኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አራት አረፍተ ነገር ነው። ሁለቱን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ደረቅ ቀርከሃ ያለኝ ለአራት ብቻ ነው። ይሄኛው እርጥብ ስለሆነ ነቀዝ ይበላዋል።»

ሰብሳቢዋ ስኳር እየመዘነች ነበር። «መቼ?»

«ነሐሴ ላይ ይጀምረዋል።»

«የወላጆች ቀን በሰኔ አይደል? እስከ መስከረም ከቆመ ምን ጎደለህ?» ለደንበኛዋ ስኳሩን ሰጥታ ወደኔ ዞረች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ የኔ ልጅ። ለአራቱ ሰጥተን ሦስቱን ብንተው ልጆቻችንን በምን ዓይን ያዩዋቸዋል? ርእሰ መምህሩ ደግሞ ዛሬ ሰልፍ ላይ ለመምህራኑ ተናግሮላቸዋል። ሰባት ተብሏል፣ ሰባት ነው። አብሽር፣ ማንም አያውቅም።»

ቀሪዎቹ ሁለት አረፍተ ነገሮች «ከእርጥብ አልሠራም። እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጉ» የሚሉ ነበሩ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከወላጆች የተዋጣው ገንዘብም ባጃጁ ላይ ወደተጫነው ቀርከሃ ሄዷል።

መጀመሪያ ሦስቱን ከእርጥቡ ሠራኋቸው። ከእህቴ መጻሕፍት ረጅሙን ለክቼ የእያንዳንዱን እርከን ከፍታ ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱን ስድሳ አደረግሁ። ሚስማር አልጠቀምም፤ ሚስማር ቀርከሃን ይሰነጥቀዋል። በመሰርሰሪያ በስቼ የእንጨት ችንካር አስገባበታለሁ። አረንጓዴውን በእሳት ነበልባል እያሳለፍኩ ቡናማ አደረግሁትና ቫርኒሽ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ከዓይኔ ፊት ሦስት መደርደሪያ ቆመ። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ነበሩ። ያን ያህል ጊዜ ተቀምጬ ያየሁት ሥራ የለኝም፤ ደስ እያለኝ ግን አልነበረም።

ከዚያ የማን የማን ይሁኑ የሚለው መጣ። ይህንን ማንም አላዘዘኝም፤ ግን እኔ ካልመረጥኩ ዕጣው ይመርጣል፣ ዕጣ ደግሞ ምክንያት የለውም። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ወደ ፓዌ ተዛውራለች፤ እስከዚያ ድረስ መደርደሪያ ጭና አትሄድም፣ እዚሁ ለአከራይዋ ትተወዋለች፤ አንዱ ለእሷ። የስፖርት መምህሩ መጽሐፍ አይኖረውም ብዬ አሰብኩ፤ አንዱ ለእሱ። የበርታ ቋንቋ መምህሩን ግን ፈራሁት፤ ቀርከሃ ሲያይ ያደገ ሰው ነው፣ ከደረቁ ይሰጠው። ሦስተኛው ለማን እንደሚሆን ከሁሉ በፊት ነበር የወሰንኩት። ለሒሳብ መምህሩ ነው።

እኔም በዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን በታመመበት ዓመት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቀረሁ። ስመለስ የክፍል ኃላፊያችን እኚሁ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስክሪብቶአቸውን በስም መጥሪያው ላይ ከላይ እስከ ታች አወረዱና፣ «ስምህ የለም፣ ተሰርዟል» ብለው ደብተሩን ዘጉት። እናትህን ይዘህ ና ይሉኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ደንቡ ያዘዘውን እንደሠሩ ዛሬ አውቃለሁ። መደርደሪያውን ስመድብላቸውም አውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ከትምህርት ቤት መጣች። ሰብሳቢዋ ለየመምህሩ የሚንጠለጠል ካርድ እንድትጽፍ አዝዛት ሰባቱንም ጽፋ ይዛለች። ወደ ሦስቱ መደርደሪያዎች ስትሄድ፣ «ተይ፣ የማን እንደሚሆን እኔ ነኝ የምነግርሽ» አልኳት።

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

ውሸት አይሆንልኝም፤ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፣ እሷም ታውቀዋለች። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ለሒሳቡ ነቀዝ! እሱ ራሱ እኮ ነቀዝ ነው፣ ክፋይ ሲያስተምረን ቀኑን ሙሉ ይቦረቡረናል።» ከዚያ የሦስቱን ስም በልቧ ስትደግም አየሁ፤ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«የስፖርቱ መጽሐፍ የለውም ያለህ ማነው?»

«ማንም።»

«ሲፈርስስ፣ ማን ሠራው ይላሉ?»

የመሰርሰሪያውን ጫፍ በጨርቅ ጠረግሁ።

«የእሷ ወንድም ነው የሚሉት። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ትፈልጣለህ። መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ፤ የሚያስተምሩኝም እነሱው ናቸው። አንተን አንድ ጊዜ ሰርዘውሃል፤ አሁን ደግሞ በአንተ ሥራ እኔን ይሰርዙኝ?»

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ውስጥ ገባች።

በስተመጨረሻ ያደረግሁት ቀላል ሒሳብ ነው። ደረቁን ቀርከሃ በሰብሳቢዋ ልክ ሳይሆን በራሱ ልክ ከፈልኩት፦ ሦስት የነበረው እርከን ሁለት፣ ስድሳ የነበረው ስፋት አርባ። ለሰባት በቃ፤ የተረፈውም ሁለት ክንድ የማይሞላ ነው። ወገብ ድረስ ይባል የነበረው ከጉልበት ትንሽ ከፍ አለ። ለሰብሳቢዋ አልነገርኳትም። ብነግራት አብሽር ትለኛለች፤ እሷ አብሽር ስትል ደግሞ እምቢ ማለት እንደማልችል ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስቱን እርጥቦች ጓሮ ባለው ዳስ ውስጥ በሸራ ሸፈንኳቸው።

የወላጆች ቀን ዝናብ ስለጣለ ሁሉም በአንድ ሰፊ ክፍል ታጨቀ። የቆርቆሮው ድምፅ ከማይክሮፎኑ ይበልጥ ነበር። ሰባቱን ስጦታዎች ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ደርድሬ ነጠላ አለበስኳቸው። በትምህርት ቤቱ ልማድ ስጦታ ተጠቅልሎ አይሰጥም፤ ሁሉም ሰው እያየ ይገለጣል፣ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ መምህሩ ይረከባል። ሰብሳቢዋ ነጠላውን ሳብ አድርጋ ከፍ ልታደርገው አንዱን በሁለት እጇ ያዘች። ከባድ እንደሚሆን ገምታ ስለነበር ከጠበቀችው በላይ ብድግ አለላት።

«ምንድነው ይሄ?» አለችኝ፣ ማይክሮፎኑ እንዳለ። «የጫማ መደርደሪያ?»

ሰው ሳቀ። ከኋላ ያ የጃንጥላው አባት፣ «ሦስተኛው እርከን በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል መሰለኝ!» አሉ፤ አሁን ሳቁ ወደ መምህራኑ ወንበርም ተዛመተ።

ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ የጎደለ ሚዛን ነው ሲላት የምታሳየው ነው። «እንግዲህ ወላጆች፣ ባለሙያችን አሳጥሮልናል። ገንዘቡ እንዳላጠረ ግን እኔ ምስክር ነኝ።»

ይህን ያለችው ራሷን ለማዳን ነው፤ ሌላ ክፋት የነበራት አይመስለኝም። ግን ክፍሉ ገባው። ሰው ሁሉ አየኝ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተያየ። የቀረው ቀርከሃ የት ገባ? ይህንን ማንም በአፉ አላለም።

መልስ ነበረኝ። መልሱ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሱቅሽ መጥቼ ነቀዝ ይበላዋል ብዬሻለሁ፤ አንቺም እስከ መስከረም ከቆመ ይበቃል ብለሻል።» ይህንን ሰባቱ መምህራን ተቀምጠው፣ ልጆቿ ፊት ለፊት ቆመው ነው የምናገረው። ደግሞስ ሦስቱን እኔው በእጄ ሠርቼ የለ? ለማን ለማን እንደመደብኳቸው ቢጠይቁኝስ? ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ፤ ግድግዳው እርጥብ ነበር።

እህቴ ስም እየጠራች ሰጠች። የሒሳብ መምህሩ ሲረከቡ እንደሌሎቹ ወዲያው አልተቀመጡም። መደርደሪያውን ገለበጡት፤ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጡ። አላወቁኝም።

«ሚስማር የለውም?»

«የለውም፣ መምህር።»

«በምን ቆመ ታዲያ?»

«በእንጨት ችንካር።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ትክክል ነው» አሉ፣ ማዕዘኑን እያዩ። «ዘጠና ዲግሪ።» ሄዱ። ስለ ሥራዬ ከሰው የሰማሁት ትልቁ ቃል ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጄን ግን ለምን ጭኔ ላይ እንደማብስ አላወቅሁም።

በማግሥቱ ሰብሳቢዋ በባጃጅ ቤታችን መጣች። እናቴን ሰላም ብላ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች፤ ሸራውን ገለጠችው። ባለሦስት እርከን፣ እስከ ወገብ፣ ቫርኒሹ የሚያበራ፣ ሦስት።

«አሃ» አለች። «ሰው ሲለኝ እኔ ተከራክሬልህ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው ብዬ። ለካስ ጥሩ ጥሩውን ለገበያ አስቀርተህ ነው!»

«እትዬ፣ እነዚህ እርጥቦቹ ናቸው።»

«የቱ ነው እርጥብ?» ዳሰሰቻቸው። «እንደ መስታወት ደርቀዋል።»

«ውስጣቸው ነው።»

«ውስጣቸውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ የማየው ውጪውን ነው። ጫንልኝ፣ ለመምህራኑ ልጨምርላቸው።»

በዳሱ መውጫ ላይ ቆሜ ነበር። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እኔ ካልተንቀሳቀስኩ አንድም ዕቃ አይወጣም። ያን ቀን የተናገርኩት በሕይወቴ ለትልቅ ሰው ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ነው።

«ለመምህራኑ አይሄዱም። ካላመንሽኝ አንዱን ለሱቅሽ ውሰጂ፣ ያንቺው ነው። ዕቃ ደርድሪበት፤ ከሥሩ ወረቀት አንጥፊ፤ ነሐሴ ላይ ወረቀቱን እዪው።»

ባለ ባጃጁን ጠርታ አንዱን አስጫነች። «ሁለቱንስ?» አለች፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። ሁለቱን ያን ዕለት ፈልጬ ማገዶ አደረግኋቸው።

ወሬው አልቆመም። አንድ ወላጅ በር ሊያሠራኝ መጥቶ ዋጋ ከተስማማን በኋላ፣ «ሙሉውን ነው አይደል የምትሠራልኝ?» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። እህቴ ዕቃ ስትላክ በመናኸሪያው በኩል አትሄድም፤ ዞራ ትሄዳለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ነሐሴ ሲጋመስ እናቴ ሳሙና ግዛ አለችኝ። ሌላ ሱቅ ነበር፤ እግሬ ግን ወደዚያው ወሰደኝ። መደርደሪያው ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል፤ ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት ተደርድሮበታል። ከሥሩ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጋዜጣው ላይ ቢጫ ዱቄት ረግፏል። ሌላ ዕቃ ሥር ጋዜጣ አልነበረም። ሁለት ሴቶች ዘይት ሊገዙ ቆመዋል፤ ሁለቱም የክፍላችን ወላጆች ናቸው፤ አንዷ እኔን ስታይ ሌላዋን በክርኗ ነካች።

ሰብሳቢዋ ሁላችንንም አየች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ ልክ ነበር ካለች ግን፣ እንዴት አወቅሽ ይሏታል። እኔ ነኝ ነቀዝ የሚበላውን ስጡ ያልኩት ልትል ነው? ያኔ እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ የቆምኩበት ቦታ ላይ እሷም አሁን ቆማ ነበር፤ ያ ቦታ መውጫ እንደሌለው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ሳሙና» አልኩ።

ከላይኛው እርከን አንድ አነሳች። ለእኔ ከማቀበሏ በፊት በሽርጧ ጫፍ ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን ጠረገችው።